እንስሳ በቴሌቪዥን እንዴት ይናገራል? ከፈረሱ ኤድ እስከ ቀጭኔዋ ፀሐይ

ተረት ሲነገር አዳምጣችሁ ታውቁ የለ? ጅብ አህያን መንገድ ላይ ያገኛትና «እንዴት አደርሽ?» ይላታል። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመልሳለች። ከአድማጮቹ መካከል እጁን አውጥቶ «ቆይ ቆይ፣ ጅብ እንዴት ይናገራል?» የሚል አንድም ልጅ የለም። በአማርኛው ተረትም ሆነ በትግርኛው ጽንጽዋይ፣ የእንስሳ መናገር ማብራሪያ የማይጠየቅበት ነገር ነው። ደግሞ ቢጠየቅስ? ጅቡን ያየው የለም። አፉ ተከፈተ አልተከፈተ ብሎ የሚፈርድ ዓይን እዚያ ቦታ አልነበረም።

ቴሌቪዥን ላይ ግን ነገርየው ይከብዳል። ካሜራ ፊት እውነተኛ ፈረስ አቁማችሁ ከጀርባው ሰው ብታናግሩ፣ ከንፈሩ እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ ድምፁ ከሌላ ቦታ እንደመጣ ትንሽ ልጅ እንኳ ያውቅባችኋል። ምህንድስና ስማር ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ይሆናል፣ በቴሌቪዥን የሚናገሩ እንስሳትን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ አንድ የማሽን ችግር ነው የሚታየኝ፤ እሱም አፍ ነው። እንዴት ይከፈታል? መቼ ይዘጋል? ማን ያንቀሳቅሰዋል? ስንት ብርስ ይፈጃል? ዛሬ ይህን ታሪክ ከሆሊውድ የፈረስ ጋጣ ጀምረን አዲስ አበባ ውስጥ እስከተሰፋች አንዲት የካልሲ ቀጭኔ ድረስ እንከተለዋለን። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከመሄዳችን በፊት ግን ከቤታችን አንድ ሰው እናንሳ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1964 ነው። ብዙም ሳይቆይ የልጆች ጊዜ ተከፈተ፤ ፊቱም ተስፋዬ ሣህሉ ሆኑ፤ ወላጆቻችሁ «አባባ ተስፋዬ» የሚሏቸው። የመድረክ ተዋናይ ነበሩ፣ ወደ ኮሪያ የዘመቱ ወታደሮቻችንን ለማዝናናት እዚያ ድረስ ሄደዋል፣ ምትሃትም ይሠሩ ነበር። ልጆችን በአበባና በፍሬ እየመሰሉ ሰላምታ ይሰጡና ተረት ይጀምራሉ። በተረታቸው ውስጥ ጦጣው፣ አንበሳውና ጥንቸሏ ይናገራሉ፤ የአፉን ችግር ደግሞ በጣም ርካሽ በሆነ መንገድ ፈትተውታል፤ የአንበሳው አፍ የራሳቸው አፍ ነው። ካሜራው እሳቸውን ያሳያል፣ አንበሳውን እናንተ በጭንቅላታችሁ ትሠሩታላችሁ። በዚህ ዘዴ ከ40 ዓመት በላይ ቆዩ። በነገራችን ላይ፣ ለማምረቻ ወጪ ከጠየቃችሁኝ ከዚህ ያነሰ ዋጋ ያለው የሚናገር እንስሳ እስካሁን አላየሁም።

አሜሪካኖቹ ሌላ መንገድ ሄዱ። በ1960ዎቹ እዚያ አገር ሦስት ትልልቅ የቴሌቪዥን ኔትወርኮች ነበሩ፤ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ኤቢሲ። ሦስቱም ማታ ማታ አንድ ዓይነት ነገር ያሳያሉ፤ ሲትኮም፣ ማለትም የግማሽ ሰዓት አስቂኝ ተከታታይ። «ቤቶች»ን ያያችሁ ልጆች ቅርጹን ታውቁታላችሁ፤ ያው ቤት፣ ያው ቤተሰብ፣ በየሳምንቱ አዲስ ጣጣ። ችግሩ ሁሉም ቤተሰብ መመሳሰሉ ነበር። ተመልካቹ ጣቢያ እንዳይቀይር አንድ ልዩ ነገር መጨመር ነበረበት። ከተጨመሩት ነገሮች አንዱ ፈረስ ነው።

«ሚስተር ኤድ» በጥር 1961 መታየት ጀመረ። መጀመሪያ በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች በተናጠል ይሸጥ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሲቢኤስ ወሰደው፣ እስከ 1966ም ዘለቀ፤ 143 ክፍሎች። ታሪኩ ቀላል ነው። ዊልበር የሚባል አርክቴክት ቤት ይገዛል፤ ጋጣው ውስጥ ፈረስ ያገኛል፤ ፈረሱ ይናገራል፤ ግን ለዊልበር ብቻ። ሚስቱ ስትመጣ ዝም ይላል። ቀልዱ በሙሉ የቆመው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። ከኛ ተረት ጋር አወዳድሩትማ! የኛ ጅብ ላገኘው ሁሉ ይናገራል፣ የሚደነግጥም የለም። የነሱ ፈረስ መናገሩ ምስጢር ነው፣ ምስጢሩ ከወጣ ድራማው ያልቃል። እኔ እንደምገምተው ይህ ሕግ ከደራሲው ሐሳብ በተጨማሪ የበጀትም ጉዳይ ነው፤ ፈረሱ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ያውም በአብዛኛው ጋጣው ውስጥ ከተናገረ፣ አስቸጋሪውን አፍ የምትቀርጹት አንድ ቦታ ላይ ነው።

ታዲያ አፉ እንዴት ተንቀሳቀሰ? ፈረሱ ባምቡ ሃርቬስተር ይባላል፤ አሠልጣኙ ሌስ ሂልተን። ድምፁ አለን ሌን የተባለ የድሮ የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ነበር፤ ስሙ ግን በዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም፤ ኤድን የተጫወተው «ራሱ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ለብዙ ዓመት «ከንፈሩ ውስጥ የለውዝ ቅቤ እየቀቡለት ነው፤ እሱን ሲልስ የሚናገር ይመስላል» የሚል ወሬ ነበር። ዊልበርን የተጫወተው አለን ያንግ ኋላ ላይ ይህን ወሬ ራሱ እንደፈጠረው ተናግሯል። እንደሱ አባባል መጀመሪያ ላይ የናይለን ክር ነበር። ክሩ አፉ ውስጥ ይገባል፤ ሲነካበት ፈረሱ ለማውጣት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ቆይቶ ግን ክሩ ቀረ፤ አሠልጣኙ ኮቴውን ሲነካው ፈረሱ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ለመደ። ከዚያ ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረ፤ ያንግ ንግግሩን ጨርሶ ዝም ሲል፣ ማንም ሳይነካው፣ ፈረሱ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር።

እዚህ ጋ ትንሽ ቁሙ። አንድ ምልክት ይገባል፣ አንድ እንቅስቃሴ ይወጣል። መጀመሪያ የሚገባው ክር ነበር፣ ቀጥሎ የኮቴ መነካት፣ በመጨረሻ የሰው ዝምታ። ደወል ሲሰማ ምራቁ የሚመጣውን የፓቭሎቭን ውሻ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ተምራችሁ ከሆነ፣ ነገሩ ዘመዱ ነው። ፈረሱ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አላወቀም፤ ተራ ጠብቆ «መናገርን» ግን ለምዷል። (ስብሰባ ላይ ይህን ያልለመዱ ሰዎች አውቃለሁ፣ ግን እሱ ይቆየን።)

ሁለተኛው መንገድ እንስሳውን መሳል ነው። በ1960 ኤቢሲ «ዘ ፍሊንትስቶንስ»ን ማታ ላይ፣ አዋቂ በሚያይበት ሰዓት፣ ማሳየት ጀመረ። የድንጋይ ዘመን ቤተሰብ ነው፤ የቤት ዕቃቸው በሙሉ እንስሳ ነው። የሸክላ ማጫወቻው መርፌ የወፍ መንቁር፣ ሻወሩ የማሞዝ ኩምቢ። አንዳንዴ ዕቃው ወደ ካሜራው ዞሮ ስለ ሥራው አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል፤ ሥራ ነው፣ ምን ይደረግ በሚል ድምፅ። በልጅነቴ ያላስተዋልኩት ይህ ቀልድ ዛሬ ከሁሉም በላይ ያስቀኛል፤ መሐንዲስ ሆኖ ማሽኑ ሲያማርር መስማት የማይፈራ ማን አለ?

ይህን የሠሩት ዊሊያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው፤ ቶምና ጄሪን የፈጠሩት ሁለቱ ሰዎች። አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። የ7 ደቂቃ ቶምና ጄሪ ከ10,000 ፍሬም በላይ ይሆናል፤ እሱን ብዙ ወር ወስደው ለሲኒማ ቤት ይሠሩት ነበር። ለቴሌቪዥን ግን በየሳምንቱ 25 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል፤ 25 × 60 × 24፣ ማለትም 36,000 ፍሬም። በቶምና ጄሪ አሠራር ይህን በየሳምንቱ ማድረስ አይታሰብም። መፍትሔያቸው ገጸ ባሕሪውን መቆራረጥ ሆነ። ሰውነቱ በአንድ ግልጽ ላስቲክ ላይ ይሳላል፣ አፉ በሌላ። ሰውነቱ ቆሞ ይቀራል፤ የሚቀያየሩት ጥቂት የአፍ ቅርጾች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ደጋግመው ያገለግላሉ። ዮጊ የሚባለው ድብ ሌላ ልብስ ሳይኖረው አንገቱ ላይ ኮሌታና ክራባት ለምን እንዳሰረ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ኮሌታው መገጣጠሚያውን ይደብቃል። ከኮሌታው በላይ ያለው ጭንቅላት ይንቀሳቀሳል፣ በታች ያለው ሥዕል እንዳለ ይቀመጣል። ክራባቱ ለቁንጅና ሳይሆን ለቁጠባ የታሰረ ነው።

ቶምና ጄሪን ግን አትርሷቸው፣ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን። እነሱ አይናገሩም ማለት ይቻላል። እኛ ሰፈር፣ ሓድነት፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ ልጅ ሁሉ ቶምና ጄሪን ያለ አስተርጓሚ አይቶ ስቋል። የሚናገረው ፈረስ ግን እዚህ አልደረሰም። አፍ ስትከፍቱለት ቋንቋም አብራችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ቋንቋ ያለው ደግሞ ድንበር አለበት።

በ1961 ግንቦት ላይ፣ ኤድ በተጀመረ በአራተኛው ወር፣ የአሜሪካ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሊቀመንበር ኒውተን ሚኖው የቴሌቪዥን ባለቤቶችን ሰብስበው ቴሌቪዥናችሁ ሰፊ ምድረ በዳ ነው አሏቸው። ንግግሩ እዚያ አገር እስካሁን ይጠቀሳል። መልስ ከሚባሉት አንዱ የመጣው ከ8 ዓመት በኋላ ነው፤ «ሰሳሚ ስትሪት»፣ ኅዳር 1969። አሻንጉሊቶች ለትንንሽ ልጆች ፊደልና ቁጥር ያስተምራሉ። ስለዚህ ፕሮግራም ከሚነገሩት ሁሉ አንዱን እመርጣለሁ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ አምስት የሙከራ ክፍሎች ለልጆች ታዩ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች መክረው ስለነበር እውነተኛ ሰዎችና አሻንጉሊቶች አብረው አይታዩም፤ ልጆቹ እውኑን ከምናቡ እንዳያምታቱ ተብሎ። ውጤቱ ምን ሆነ? አሻንጉሊት ሲመጣ ልጆቹ ያያሉ፤ ሰዎቹ ብቻቸውን መንገዱ ላይ ሲመጡ ዓይናቸው ወደ ሌላ ይሄዳል። አዘጋጆቹ ምክሩን ትተው ሁለቱን ደባለቁ። ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆነው ቢጫው ትልቅ ወፍ የተወለደውም ከዚህ ነው። ውስጡ የነበረው ሰው፣ ካሮል ስፒኒ፣ አንድ እጁን ከራሱ በላይ ሰቅሎ መንቁሩን ይከፍት ነበር፤ ውጭውን ማየት ስለማይችል ደረቱ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ይታሰርለት ነበር። የልጅ አእምሮ ከጠበቁት በላይ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ፤ ተረት የሰማ ሕዝብ ይህን ቀድሞ ያውቅ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ኔትወርኮቹ ግን ወደ ግርምት ተመለሱ። በ1986 ኤንቢሲ «አልፍ»ን ጀመረ፤ ከሌላ ፕላኔት የመጣ፣ ጸጉራም፣ ድመት መብላት የሚያምረው ፍጡር በአንድ ቤተሰብ ጋራዥ ላይ ይወድቃል፤ እሱንም ከጎረቤት ይደብቁታል። ያው የኤድ ምስጢር ነው። አሻንጉሊቱን የሚያናግረው ፖል ፉስኮ ከታች መደበቅ ስላለበት የቤቱ ወለል በሙሉ ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ተደርጎ ተሠራ፤ በየቦታው ጉድጓድ አለው። ተዋናዮቹ ሲራመዱ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይገቡ መጠንቀቅ ነበረባቸው። የግማሽ ሰዓቱን ክፍል ለመቅረጽ 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅ እንደነበር ከተዋናዮቹ አንዷ አን ሺዲን ተናግራለች። በ1991 ደግሞ ኤቢሲ «ዳይኖሰርስ»ን አመጣ፤ ከጂም ሄንሰን ድርጅት። አንዱ ሰው ትልቁን ልብስ ለብሶ ይራመዳል፣ ሌላው ውጭ ቆሞ የፊቱን ሞተሮች በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ያንቀሳቅሳል። ለአንድ ዳይኖሰር ሁለት ሰው ማለት ነው። እንደ ሥራ ያስደንቀኛል። እንደ ወጪ ግን... በ1994 አለቀ፤ ያውም በበረዶ ዘመን መምጣት፣ ልጆችን በሚያሳዝን መጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። «ዘ ሲምፕሰንስ» ሲሳካ ሁሉም የሥዕል ድራማ ፈለገ፤ በ1992 ብቻ ኤቢሲ በአይጦች፣ ሲቢኤስ በዓሣ ፖሊሶች ሞክረው ሁለቱም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከአየር ወረዱ። በ2004 ኤንቢሲ በላስ ቬጋስ ትርኢት ላይ ስለሚሠራ የአንበሳ ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ ሲትኮም አወጣ፤ በጊዜው በጣም ውድ ከሚባሉት አንዱ። ድራማው የተመሠረተበት ትርኢት ባለቤት ሮይ ሆርን፣ ድራማው ገና በዝግጅት ላይ ሳለ፣ በ2003 ጥቅምት መድረክ ላይ በእውነተኛ ነብር ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ድራማው ከአንድ ዓመት አላለፈም።

አንድ ነገር አስተዋላችሁ? ከክር ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ጉድጓድ፣ ከጉድጓድ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ኮምፒውተር፤ አፉ በየጊዜው እየተሻሻለ ሄደ። ዕድሜው ግን አብሮ አልረዘመም። ጥሩ አፍ የሚገዛላችሁ ግርምት ነው፤ ግርምት ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ይለመዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እንስሳው ለማን፣ ምን እንደሚናገር ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች፤ በ2006ም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። አጋጣሚ ሆኖ የአባባ ተስፋዬ የልጆች ጊዜ ያበቃው በዚያው ዓመት ነው። ፀሐይ የ6 ዓመት ቀጭኔ ናት። ስቱዲዮው የራሳቸው ቤት ነበር፣ ቀጭኔዋም የካልሲ አሻንጉሊት። ድምፁም የብሩክታዊት የራሷ ነው። ሲትኮም ነው ብል አስተማሪዎቹ ይቆጡኛል፤ ግን ቤተሰብ አላት፣ ጓደኞች አሏት፣ በየክፍሉም አንድ ጣጣ ገጥሟት ይፈታል። እጅ መታጠብ፣ መቁጠር፣ መጠየቅ። ምስጢርም የለባትም፤ እንደ ተረቱ ጅብ ላገኘችው ሁሉ ትናገራለች። በ2008 ሙኒክ ላይ በሚካሄደው የልጆች ቴሌቪዥን ውድድር፣ በፕሪ ዠነስ፣ ተሸለመች፤ ብሩክታዊትም በ2010 ከሮሌክስ ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆነች።

ከምህንድስና አንፃር ካየነው የፀሐይ አፍ እስካሁን ካነሳናቸው ሁሉ የመጨረሻው ቀላል ነው። አውራ ጣት ከታች፣ አራት ጣቶች ከላይ። ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከንፈር የለውም። ይህ ድክመት ይመስላል አይደል? እስቲ አብረን እንመርምረው።

በ1976 ሃሪ መክጉርክና ጆን ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ እንግዳ ነገር አሳተሙ። የሰው ፊት እያሳዩ የከንፈሩ እንቅስቃሴ «ጋ» እያለ፣ ድምፁ ግን «ባ» እያለ ሲያሰሙ፣ ብዙ ሰው የሚሰማው «ዳ» ነው። ዓይናችን ለጆሯችን ይመሰክራል፤ አንዳንዴም በሐሰት። በተለይ «መ» እና «በ»ን ያለ ከንፈር መዝጋት ማለት አይቻልም፤ መስታወት ፊት ሞክሩት። ስለዚህ የአንድ ሰው ከንፈር ሳይገጥም «ማማ» የሚል ድምፅ ከወጣ የሆነ ነገር ይከነክነናል። ከ2016 ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ ያያችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ሴትዮዋ ተናግራ ጨርሳለች፣ ከንፈሯ ግን ገና ነው። የሚያሳምሩት ተርጓሚዎች ቃላቱን ከከንፈሩ ጋር ለማስታረቅ ብዙ ይደክማሉ።

የካልሲ አፍ ግን የትኛው ፊደል እንደተባለ አይናገርም። የሚናገረው መቼ እንደተባለ ብቻ ነው። «ባ» ይሁን «ጋ»፣ ለካልሲው አንድ መከፈት ነው። ከንፈር የለውምና ዓይን የሚመሰክረው ሐሰት የለም።

የአሻንጉሊት ባለሙያዎች ሕግ ደግሞ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ የቃል ቀለም አንድ ጊዜ ክፈት። ቀለም ማለት በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚሰበሰብ የድምፅ ቁራጭ ነው። እኛ ደግሞ ዕድለኞች ነን፤ የግዕዝ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሆሄ ለአንድ ቀለም ነው። ሳድሱ ነው የሚያስቸግረው፤ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ቀድሞት ካለው ጋር ተጠግቶ ዝም ይላል። የሚጠብቅ ድምፅም ለሁለት ይካፈላል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን እንቁጠር። ፀ–ሐይ፣ መ–ማር፣ ት–ወድ–ዳ–ለች። ስምንት መከፈት። ያንኑ ሐሳብ በትግርኛ ስንለው «ፀሓይ ምምሃር ትፈቱ» ነው፤ ፀ–ሓይ፣ ምም–ሃር፣ ት–ፈት–ቱ። ሰባት። ልዩነቱ የአንድ መከፈት ነው። በሰው ፊት ላይ ቢሆን ይታያል፤ በተለይ «መማር» እና «ትፈቱ» ከንፈር ላይ ምን ያህል እንደሚራራቁ አስቡት። በካልሲ ላይ ግን ሰባተኛውና ስምንተኛው መከፈት መካከል ያለውን ልዩነት ማንም አይቆጥርም። ድምፁ ይቀየራል፣ ምስሉ እንዳለ ይቆያል፣ ቀጭኔዋ ትግርኛ ተናጋሪ ትሆናለች። ፀሐይ ትግርኛን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የተሻገረችው በድምፅ ቅየራ ነው። ሚሊዮን ዶላር የወጣበት የአንበሳ አፍ ለእንግሊዝኛ ተለክቶ የተሰፋ ነው፤ ካልሲው ለማንም ይሆናል።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? እኔ ፀሐይ ስትጀምር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፣ መቐለ ውስጥ። ቤት የምንናገረው ትግርኛ፣ ቀጭኔዋ የምትናገረው አማርኛ። ወደድናት፤ አማርኛም ከሷ ለቀምን፤ ይህን የምታነቡት ጽሑፍ ውስጥ የሷም ድርሻ ሳይኖር አይቀርም። ግን የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ፣ ገና አማርኛ ያልጀመረችው፣ ቀጭኔዋ በጠየቀች ቁጥር ወደኛ ዞራ ታያለች። ፀሐይ ጥያቄ ጠይቃ ትንሽ ዝም ትላለች፤ ዝምታው ለልጁ መልስ የተተወ ቦታ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ያ ቦታ ሁልጊዜ ያልፋት ነበር። እኛ ተርጉመን እስክንነግራት ቀጭኔዋ ወደ ሌላ ጉዳይ ሄዳለች። በ2010 በአገራችን የተካሄደ የንባብ ጥናት፣ ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች የተሰጣቸውን አጭር ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተጠይቀው። እንግዲህ ገና አምስትና ስድስት ዓመት ላይ፣ በሚያውቁት ቋንቋ ተጠይቀው የሚመልሱበት ያቺ አጭር ዝምታ ትንሽ ነገር አይደለችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ2020 መጋቢት ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ጦርነቱ መጣ፤ ትግራይ ውስጥ ብዙ ልጆች ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ክፍል ሳይገቡ ቆዩ። መብራትና ስልክ ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ባለበት ቦታ ነበር፤ ቀጭኔዋ ውስጡ ዝም ብላለች። ሓድነት ውስጥ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ሆነን ባሳለፍናቸው ማታዎች ጽንጽዋይ ተመለሰ። አንድ ማታ ከግራጫ ካልሲ ላይ ሁለት ቁልፍ ሰፍቼ ለሰፈሩ ልጆች አወጣሁት። ሻማ አንድ ነው፣ የእጄ ቀሪ ክፍል በግልጽ ይታያል፣ ድምፁ የኔ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እንደ ተመራማሪ አንድ ነገር መዘገብኩ፤ አውራ ጣቴ ከቀለሙ ጋር ሲገጥም ልጆቹ ካልሲውን ያያሉ፤ ሲዘገይ ዓይናቸው ወደ ፊቴ ይመጣል። ግጥሙ በተስተካከለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልሲውን ራት በልታ እንደሆነ ጠየቋት። በትግርኛ፣ በአንቺታ። ስሟን እንኳ ገና አልነገርኳቸውም ነበር።

እናንተም ቤታችሁ ሆናችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ጠንከር ያለ ካልሲ ይሁን፣ ቢቻል የታጠበ። ስትናገሩ አራቱን ጣቶች ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቆዩአቸው፣ የሚወርደው አውራ ጣት ነው፤ ጀማሪዎች ላይኛውን ሲያነሱ ዓይኖቹ ወደ ጣሪያ ይሄዳሉ። የራሳችሁን ስም በማለት ጀምሩ፣ መከፈቱን ቁጠሩ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ያንኑ ቤት ውስጥ በምትናገሩት ቋንቋ፣ ኦሮምኛም ይሁን ሲዳምኛ ወይም ሌላ። ቁጥሩን ጻፉት። ቀጥሎ አንድ ታናሽ ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጡና ጥያቄ ጠይቁት፤ ከጠየቃችሁ በኋላ አፉን ዘግታችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ልጁ ካልሲውን አይቶ ይመልስ እንደሆነ ወይስ እናንተን፣ በየትኛው ቋንቋ ስትጠይቁት ቶሎ እንደሚመልስም መዝግቡ።